መራራው ዱቄት

ሻርጃ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለአያ ብዙነህ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ልጀምር። እርስዎም እንደ ልማድዎ «ወዐለይኩም ሰላም፣ የንግሥቴ ልጅ» ብለው ይመልሱልኝ። እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ የሻለም፣ ከብቱ፣ ንቦቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ለአሏህ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ነው። ስልክ ስደውል ወይ አይጠራም፣ ወይ ጠርቶ አንድ «ሀሎ» ተሰምቶ ይቆረጣል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወደ ወረቀት ተመልሻለሁ።

የሻለም ባለፈው ከደሴ ስትደውል ስኳር እንደተገኘብዎት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። እናቴን የወሰደብኝ ይኸው በሽታ ነው። እሷ ስትሞት ከወረኢሉ አምጥተው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ክርስቲያን ቤት ውስጥ እስላም ልጅ አሳድገው አንድ ቀን እምነቴን አልነኩብኝም፤ የኔን ዶሮ እንኳ ወዳጅዎ አሕመዲን ቢስሚላህ ብሎ እንዲያርደው ከተማ ድረስ ይልኩት ነበር። ከእናቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ፈርቻለሁ፤ አልደብቅዎትም።

አሁን ግን ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። የቤት ሠራተኝነቱን ትቼ የተፈጥሮ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ገብቻለሁ። ሰፕልመንት ይሉታል። ከዚህ ሰው ጋር የላክሁልዎት ብልቃጥ ለስኳር የሚሆን ነው፤ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ቀረፋ፣ የሺፈራው ቅጠልና ከቻይና የሚመጣ አንድ ቢጫ ሥር አለበት። ባለሱቁ ራሱ ስኳር አለበት። ጠዋት ጠዋት መጋረጃው ኋላ ሆዱን ገልጦ መርፌውን ይወጋና ሱቁን ይከፍታል፤ ስለዚህ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሆስፒታል ኪኒን ውሎ አድሮ ኩላሊት ይጎዳል፣ ይኼ ግን ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም ይላል። ኪኒኑን ባንዴ አይተዉት፤ ይኼን ሲለምዱ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውሰዱ።

አሏህ ያሽርልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለፊርደውስ፤

ወዐለይኩም ሰላም፣ የንግሥቴ ልጅ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከሰው አገር ክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የሻለም ከግብርና ቢሮው ሥራዋ ጋር ትታገላለች። ንቦቹም ከእኔ የተሻለ ጤና አላቸው።

ብልቃጡ ደርሶኛል። አሕመዲን ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ እያገላበጠ አነበበልኝና ሳቀ። «አብሽና ጥቁር አዝሙዱን ከእኛ ገዝተው በብልቃጥ መለሱልን» አለ። እኔ ግን ከአንቺ እጅ የመጣ ነውና ተቀብዬ ግንባሬን አስነካሁት።

ዘንድሮ የእኛ ሁዳዴና የእናንተ ረመዳን ገጥመው ከተማው በቀን የሚያኝክ ሰው አይታይበትም። ምግብ ቤቶቹ ከሥራ ተፈትተዋል። እና አሕመዲን የእንክብሉ ሽፋን ከከብት ቆዳ የተሠራ ነው አለኝ። ለእናንተ ሐላል ይሆናል፣ እኔ ግን በጾም እንዴት ልዋጠው? ስለዚህ ሽፋኑን ከፍቼ ዱቄቱን ብቻ አወጣለሁ። ምርረቱን አትጠይቂኝ። ኮሶ ጠጥቼ አውቃለሁ፤ ይኼ ኮሶን የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። እናቴ እንዳሳየችኝ፣ እንደ ወጉ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ አንድ ፍርፋሪ አልደፋም።

ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅም ጣፋጭ ነገር ተው ብላኝ ስኳር የሚባል ከቤቴ አስወጥቻለሁ። ሻዩን በባዶው ነው የምጠጣ። አሕመዲን ለስላሳ ሲጋብዘኝ ፊቴን አዞራለሁ። የታዘዝሁትን እፈጽማለሁና አብሽሪ።

አጎትሽ ብዙነህ


ሻርጃ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአያ ብዙነህ፤

እንኳን ለያዙት ጾም አሏህ አደረሰዎት፤ ቀሪውንም በሰላም ያስፈጽምዎ። እኛ ዒዳችንን አክብረናል። ደብዳቤዎን አምስት ሴቶች በምንኖርበት ክፍል ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ስለ ኮሶው ሲሰሙ አንዷ የመርሳ ልጅ እስክታለቅስ ሳቀች።

በጣም ደስ ብሎኛል። አንዳንዱ ሰው ብልቃጡን ወስዶ መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፤ እርስዎ ግን እንደታዘዙት ይወስዳሉ። ሱቅ ለሚመጡ ሐበሾች ሁሉ «አጎቴ አገር ቤት እየወሰደው ነው፣ እየተሻለው ነው» እላቸዋለሁ፤ ይኼን ሲሰሙ ይገዛሉ። ባለሱቁም በእርስዎ የተነሳ ወዶኛል።

ነገር ግን ቁጥሩን አልነገሩኝም። የሻለም በሰው በላከችው መልእክት በመጋቢት ሲለካ ከመጀመሪያው ከፍ ብሏል አለች። ለባለሱቁ ነገርኩት፤ «ሰውነቱ አልለመደው ይሆናል፣ መጠኑ ይጨመር» አለ። ስለዚህ ከእንግዲህ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ያድርጉት። ለዚህ የሚሆን ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ።

አጎቴ፣ እንደ እናቴ ዝም እንዳይሉብኝ። እሷ «ደህና ነኝ» እያለች ነው የሄደችብኝ።

ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

ክርስቶስ ተንሥአ ብል ለአንቺ ምን ያደርግልሻል፤ ብቻ ፋሲካው በሰላም አልፏል፣ በጉም ጥሩ ነበር። ፈጣሪ የልብሽን ያድርስልሽ፤ ወልደሽ ስመሽ፣ ያሰብሽው ሞልቶልሽ ያሳየኝ።

ቁጥር ቁጥር አትበይኝ። ቁጥር የባንክ ቤት ሰው ይቁጠር። የሚሰማኝን እኔ አውቃለሁ። ተሽሎኛል። ትንሽ ውሃ ውሃ ይለኛል፤ ሙቀቱ ነው። የሻለም «በየትኛው ሙቀት፣ እዚህ ወሎ ቦረና እኮ ጋቢ ለብሰህ ነው የምታድር» ትለኛለች፤ ከተማ የተማረ ልጅ መልስ አያጣም። ሌሊትም ለሽንት መነሳቱ በዝቷል፤ ይኼ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ነገር ነው።

ሁለት ሁለት ስላልሽኝ ሁሉንም እጥፍ አድርጌያለሁ፤ ማንኪያውም ሁለት ሆኗል። ኪኒኑን ግን በጾሙ ትቼው ነበር፣ ከፋሲካ በኋላም አልተመለስኩበት። አንቺ ባለሽው ጊዜ ደርሷል ብዬ ነው። ሁለት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ ምን ያጣላቸዋል?

አንድ ነገር ብትልኪልኝ ጫማ ነው። ከወይራው ላይ ቀፎ አውርጄ ስመለስ ይኼ የፕላስቲክ ጫማ ግራ እግሬን ገጠበኝ። ለነገሩ አላመመኝም፤ ደሙን ያየችው የሻለም ናት። አርባ ሁለት ቁጥር ይሁን፤ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ። አዲስ ነገር አምሮት አይምሰልሽ።

በተረፈ አብሽሪ።

አጎትሽ ብዙነህ


ሻርጃ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ብዙነህ፤

አሏህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ከቤትዎ ሰላም አይጥፋ። ደብዳቤዎ አዲስ አበባ አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ ሰንብቶ ነው የደረሰኝ። መልሴ ስለዘገየ አፉ ይበሉኝ።

ጫማውን ገዝቻለሁ። የሱቁ ልጅ «ለስኳር ሕመምተኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት አወቅህ ስለው «ሰፊና ለስላሳ የሚፈልጉ እነሱ ናቸው፣ እግራቸው ሲቆስል አይታወቃቸውም» አለኝ። ያን ቀን ሥራ ላይ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ዋለ። አላመመኝም ያሉትን አምስት ጊዜ አነበብኩት። እግርዎን ለሐኪም አሳይተዋል? የሻለም አንዲት መስመር ትጻፍልኝ።

ስለ መድኃኒቱ ባለሱቁን ደግሜ ጠየቅሁት። «በጊዜው ይወስዳል?» አለኝ፤ አዎ አልሁ። «ይደፋል?» አለኝ፤ አንድ ፍርፋሪ አይደፋም አልሁ። «እንግዲያው ይጨመር፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት» አለ። እንደዚያ ያድርጉ። ኪኒኑን ግን ባይተዉት ይሻል ነበር። እንዲህ ቶሎ ይተዉታል አላልሁም፤ ወይስ ብዬ ይሆን?

ደንበኞቼ «አጎትሽ እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ደህና ነው እላለሁ። እባክዎ ደህና ይሁኑልኝ።

ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊርደውስ፤

የአገሩ ታቦትም፣ የእናንተ ወሊዮችም ይጠብቁሽ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይኼ ወረቀት መቼ እንደሚደርስሽ እንጃ። ጫማው ገና አልደረሰም። አሕመዲን «ደሴ ደርሷል» ካለኝ ሰንብቷል።

እግሬን ጠይቀሻል። ትንሽ ቁስል ናት፤ በጨውና በለብ ያለ ውሃ አጥባታለሁ። ሽታ አምጥታለች ብላ የሻለም ታለቅሳለች። ይህቺ ልጅ እናትሽን ትመስላለች፣ ዕንባዋ ቅርብ ነው። ደሴ ካልሄድህ ትለኛለች። ክረምት ነው፣ እርሻው አለ፣ ከብቱን ለማን ጥዬ ልሂድ? ዓይኔም ደከም ብሎብኛል። ፊደሉ ጎርበጥ ካለብሽ ለዚያ ነው።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። አፍሬ አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ማር ላኪልኝ።

ሳቂ፣ ምን ይደረግ። በዚህ አገር ከብዙነህ ቀፎ ያልቀመሰ ሠርገኛ የለም፤ ዛሬ ከዐረብ አገር ማር እለምናለሁ። ከታች ያለው ጎረቤቴ ለባቄላው ፀረ ተባይ ረጭቶ ንቦቼ ገሚሶቹ አበባ ላይ ረገፉ። የተረፉት ቀፎውን ጥለው ሄዱ። ወይራው ሥር ቆሜ ጆሮዬን ብሰጥ ጭጭ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ዛፍ ጭጭ ብሎ አያውቅም ነበር። ከአንጀቴ ነው ያዘንሁት።

ማሩን ለመብላት አይደለም፤ ለመድኃኒቱ ነው። ያንን እሬት በምን ለውሼ ልዋጠው? ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ በነበረ ጊዜ ማሰሮው ዓመቱን ያደርሰኝ ነበር። ሁለት ሁለት ስትይ ማሩም ሁለት ሁለት ሆነ። ሦስት ጊዜ ስትይማ ማሰሮውን ገለበጥሁት፤ አሁን በጣቴ ነው የምጠርገው። ሳልለውሰው ብሞክር ወደ ላይ አለኝ። መቼም መድኃኒት በማር ካልሆነ በምን ይወሰዳል? ከገበያ እንዳልገዛ ስኳር የሚቀላቅሉበት በዝተዋል፤ እኔ ደግሞ ስኳር ተከልክያለሁ። እዚያ ንጹሕ ማር አይጠፋምና አንድ ሁለት ጠርሙስ ላኪልኝ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አብሽሪ።

አጎትሽ ብዙነህ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ሰላምታውን ይለፉኝ።

ማሩን ያቁሙ። ማር ስኳር ነው። የእርስዎም ማር፣ ንጹሑም ማር፣ ለመድኃኒት የተለወሰውም ማር ለዚህ በሽታ ስኳር ነው። ዱቄቱንም ይተዉት፤ ይጣሉት። ይኼን እንዳነበቡ ተነስተው ደሴ ይሂዱ። ለእርሻው ሰው ይፈልጉ። እግርዎን ያሳዩ። ኪኒኑን ከሁዳዴ ጀምሮ በምን እንደተኩት ለሐኪሙ አንዳች ሳይደብቁ ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ይጨምሩ፣ ይጨምሩ እያልሁ ማር ያበላሁዎት እኔ ነኝ። አገሬን እንደማያውቅ ሰው በምን ይውጡታል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እኔን ራሴን ልጅ ሳለሁ ሳል ሲይዘኝ ዝንጅብሉን በማር ለውሰው ያጎረሱኝ እርስዎ አይደሉም?

ከጠዋት ጀምሮ እየደወልሁ ነው። አይጠራም። ይኼንኑ ደብዳቤ ገልብጬ በሦስት ሰው እልካለሁ፤ አንዱ በወረኢሉ፣ አንዱ በእኛው ወሎ በማሻ በኩል፣ አንዱ በቀጥታ ለአሕመዲን። የትኛውም ይቅደም፣ ብቻ ይድረስልኝ።

ፊርደውስ


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፊርደውስ፤

ሰላምታሽን ቀርጥፈሽ የበላሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ እንደ ወጉ ልጠይቅሽ፤ እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ከእኔ ጭንቀት ያሳርፍሽ። በሦስት ሰው የላክሽው ደብዳቤ ሦስቱም ደርሷል። ማሻ የዞረው ትናንት ገባ።

የመጀመሪያው ሲደርስ ግን እኔ ደሴ ነበርሁ። ነሐሴ ሲጋመስ ትኩሳት ጥሎኝ ራሴን አላውቅም ነበር። የሻለምና አሕመዲን በጭነት መኪና ጋቢና ይዘውኝ ወጡ። ጭቃ ላይ መኪናው ተይዞ ሰው ሲገፋ ድምፁን ብቻ አስታውሳለሁ። ሐኪሞቹ ጣቶቹን ብቻ እንቆርጣለን ብለው ነበር፤ ኋላ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሆነ። ግራው ነው። ደብዳቤሽን የሻለም ያነበበችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይኼን የምነግርሽ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። በአንቺ ሳይሆን ማሬን በመክሰስሽ። «ማር ሰው ገደለ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ አልጋ ላይ ሆኜ ሙግት ገጠምሁ። ጎኔ የተኛው የወረኢሉ ሰውዬ «እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዱቄት በቴምር ነው የወሰድሁት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሙግቱን ተውሁት።

አሁን እኔም ሆዴን ገልጬ መርፌ እወጋለሁ። መርፌው ሙቀት አይወድም ብለውን የሻለም ያንን የማሩን ማሰሮ አጥባ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጣ እዚያ ውስጥ ታኖረዋለች። የመጀመሪያ ቀን መርፌውን ስይዘው ባለሱቅሽ ትዝ አለኝ። መጋረጃ ኋላ ሆዱን ገልጦ ይወጋል ብለሽ ጥር ላይ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ አንብቤ አለፍሁት፣ አንቺም ጽፈሽ አለፍሽው። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርን ነን። ስለዚህ ብቻሽን አታልቅሺ፤ ይኼ የሁለታችን ነው። ወላሂ ልቤ ላይ ቂም የለም፤ አፉ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ።

ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ ከጫማውም ከማሩም የሚበልጥ ነው። «አጎቴ ተሻለው» ያልሻቸውን ሰዎች ፈልጊያቸው። እግሩ ተቆረጠ በያቸው። ማሩንም፣ ኪኒኑን መተዌንም፣ መርፌውንም ንገሪያቸው። ባለሱቁ ካባረረሽም ያባርርሽ።

ጫማው ደርሷል። ቀኙ ልክ ነው።

ሌላው ወሬ መልካም ነው። በመስከረም አደዩ ሲፈካ አንድ መንጋ ንብ መጥቶ ወይራው ላይ ባዶ ቀፎ ውስጥ ገባ። የሻለም ሮጣ መጥታ ስትነግረኝ አላመንኋትም፤ ምርኩዜን ይዤ ዛፉ ሥር ሄጄ ጆሮዬን ሰጠሁ። አሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ማሩ ይደርሳል። እኔ ከእንግዲህ ዛፍ አልወጣም። የሻለም ንብ ትፈራለች፤ አሕመዲን ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚነግድ ሰው ነው፣ ለዛፍ አይሆንም።

ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። ልጅ ሳለሽ እኔ ሳላይ እየወጣሽ ትቀምሺ እንደነበር አላውቅም መሰለሽ? እኔ ከታች ሆኜ ጭሱን እይዛለሁ፤ አንቺ ትቆርጪያለሽ። ላልቀምስ ምያለሁ። አንቺ ቀምሰሽ እንዴት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። እንደ በፊቱ አምንሻለሁ።

አጎትሽ ብዙነህ